ፀሐይዋ ነፃ ናት፣ ሻዩ ግን ውድ ነው

የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ካምፐር ገዛ። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ የጋዝ ምድጃው ሁሉ ውስጡ ያለ መኪና ማለት ነው። ጣሪያው ላይ 200 ዋት ሶላር አለው። «ከእንግዲህ የመብራት ቢል ቀረ!» ብሎ ፎከረ።

ባለፈው ጥቅምት ሦስት ሆነን ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን እዚያው ቨርጂኒያ ያለው ሼናንዶዋ ፓርክ ገባን። ካምፑ ውስጥ መኪና የሚሰካበት ኤሌክትሪክ የለም። ያለን ፀሐይና ባትሪ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ፍሪጁ ጠፋ፤ አክስቴ የቋጠረችልን ክትፎ ተበላሸ።

የአክስቴ ልጅ መፍትሔ? «ሁለት ፓኔል እጨምራለሁ!» እኔ ደግሞ አይሆንም ባይ ነኝ።

እስቲ እናስላው። ባትሪው የተለመደው ሊድ አሲድ ነው፤ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት። ሲባዛ 1200 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 600 ነው። 1500 ዋት ማንቆርቆሪያ ለ10 ደቂቃ ሲሠራ 250 ይበላል። ጠዋት ለሻይ፣ ማታ ለዕቃ ማጠቢያ ካሞቅንበት 500 ሄደ! 5 ዋት የሆነች ኤልኢዲ አምፖል ግን አምስት ሰዓት በርታ የምትወስደው 25 ብቻ ነው። አንዴ ውኃ ማፍላት የአሥር ሌሊት መብራት በላ ማለት ነው።

የሚያስቀው ደግሞ እኛ ስንቆጥብ የነበረው መብራቷን ነው። ጨለማ ውስጥ አምሽተን ጠዋት ማንቆርቆሪያ እንሰካለን። የጋዝ ምድጃው እኮ አጠገባችን ነበር!

ፓኔል መጨመርስ? የጥቅምት ቀን አጭር ነው፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። ዛፍ ሥር ለቆመ መኪና አራት ፓኔልም ጥላ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ የሚሞቅ ነገር ሁሉ ለጋዝ፤ ባትሪው ለፍሪጅ፣ ለመብራትና ለስልክ። ላፕቶፕ ቻርጅ የሚደረገው እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ እያለች። ኢንቨርተሩ ሥራ ሲፈታ ይጥፋ፤ ባዶውንም ቢሆን ይበላል። ከዚያ ካልበቃ ፓኔል ይገዛ።

ቁጠባ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አይደለም፤ በላተኛውን ማወቅ ነው። አገር ቤትም ያው አይደል? «መብራት አጥፉ!» እየተባልን ያደግነው 3500 ዋት ገደማ የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተጣደበት ቤት ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ፓኔል እያማረጠ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ እኔ ጀበና ይዤ እመጣለሁ፤ የሚጣደውም ጋዙ ላይ ነው።