ስርዝ ድልዝ ያለበት ሐዘን

የቻይና የብሩሽ ጽሕፈት ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ጸጥታ ነው። ከጥላሸትና ከሙጫ የተሠራው ጠጣር ቀለም በድንጋይ ላይ በውኃ ቀስ ተብሎ ይፈጫል፤ ብሩሹ አንዴ ያሳረፈው ጭረትም ተመልሶ አይነካካም። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ከታላላቆቹ ጽሕፈቶች ተርታ የሚቆጠረው አንዱ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ረቂቅ ነው።

ጸሐፊው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሹም ያን ጀንቺንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ755 አን ሉሻን የተባለ የጦር አዛዥ ሲያምፅ፣ የቻንግሻን ገዥ የነበረው የያን የአጎት ልጅ አልገዛም ብሎ ተገደለ። ልጁ ጂሚንግም ተገደለ። ዘመዶቹ ቆይተው አስከሬኑን ሲፈልጉ ያገኙት ራሱን ብቻ ነበር። በ758 ያን ለሟቹ መታሰቢያ የሚሆነውን የሐዘን ቃል ለማርቀቅ ተቀመጠ።

ሲጀምር እጁ የረጋ ነው፤ ቀኑንና ማዕረጉን ይጽፋል። አሟሟቱ ላይ ሲደርስ ግን ይፈጥናል። መርዳት የሚገባው ሹም ጦር ይዞ ሳለ እንዳልደረሰላቸው ጻፈ፤ ሰረዘው፤ አሳጥሮ ደግሞ ጻፈው። ቀለሙ አልቆ ብሩሹ ወረቀቱን ሲቧጭር ይታያል፤ እንደገና ሲነከር መስመሩ ድንገት ይጠቁራል።

ሰውየው አጥርቶ መጻፍ አቅቶት አይደለም። ቀጥ ያለው የያን አጻጻፍ እስከ ዛሬ በቻይና የጀማሪዎች መለማመጃ ነው። እኛ እንደሚመስለን ረቂቁን ያስከበረው፣ በንጹሕ ወረቀት ቢገለበጥ የሚጠፋው ነገር ነው፤ እጁ የት እንደታወከ ይታያል።

ይህን የምንጽፈው ለቅሶ ቤት ስለምንገባ ነው። ልጁን የቀበረን አባት ገና በሦስተኛው ቀን «አማኝ እንዲህ አያለቅስም» እንለዋለን፤ የተስተካከለ ምስክርነት እንዲሰጠንም እንጠብቃለን። ጌታ በአልዓዛር መቃብር እንዳለቀሰ የምንሰብከውም እኛው ነን። የሐዘንተኛ ቃል ሊደጋገም፣ ሊጣረስ፣ እግዚአብሔርንም «ለምን?» ሊል ይችላል። ያንን ለማረም የምንቸኩለው ለእርሱ ብለን ሳይሆን መስማቱ ስለሚከብደን ይመስለናል።

የያን ረቂቅ ዛሬ በታይፔይ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። ወረቀቱ እንዳይጎዳ ስለሚፈራ ለእይታ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። በ2019 ቶኪዮ ለሚገኝ ሙዚየም በውሰት ሲሰጥ በቻይናም በታይዋንም ብዙዎች ተቆጥተው ነበር። በቶኪዮ ግን ሕዝቡ ረጅም ሰልፍ ይዞ ተራውን እየጠበቀ አየው፣ የተሰረዙትን ቃላት ጭምር።