የወለጋ ተራሮችና የሬዲዮ መገናኛ፦ ከመሣሪያው በፊት የሚቀድመው ጥያቄ

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋ እና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ዞኖች የሞባይል፣ የመደበኛ ስልክ እና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ሲዘጋ የስልክ ጥሪ በትልልቅ ከተሞች ብቻ ተወስኖ ቀረ። አገልግሎቱ የተመለሰው ከሦስት ወራት ገደማ በኋላ በመጋቢት ወር ነበር። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገሪቱ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ሲገለጽ፣ የብዙ ወለጋ ነዋሪዎች ስልክ ገና አልተመለሰም ነበር።

ያ ጊዜ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ያስነሳው ጥያቄ አልተዘጋም። ስልክ የሚጠፋው በአስተዳደር ውሳኔ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥና የማማው ባትሪ ሲያልቅ ይጠፋል፤ የፋይበር መስመር ሲበጠስ ይጠፋል፤ በሸለቆ ውስጥ ባለ ቀበሌ ደግሞ ከመጀመሪያውም ላይኖር ይችላል። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ስትፈልግ፣ ተባይ በማሳ ላይ ሲታይ ወይም ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ አርሶ አደሩ በየትኛው መንገድ ይናገራል? በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚነሳው መልስ የሁለትዮሽ የሬዲዮ መገናኛ፣ በተለምዶ አጠራሩ ዎኪቶኪ ነው።

መልሱ በቴክኒክ ረገድ ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ የወለጋን ተራሮች ለማሸነፍ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከጥያቄው የቀለለው ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል መሣሪያውን ማን በስሙ ያስመዘግባል፣ ማን ይይዘዋል፣ ማንስ ያምነዋል የሚለው ነው።

ተራራው እንቅፋትም ማማም ነው

አርሶ አደሩ በቤቱ የሚያዳምጠው ሬዲዮ የሚቀበል ብቻ ነው። የሁለትዮሽ ሬዲዮ ግን ይቀበላልም ይልካልም። በእጅ የሚያዘው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ዋት ኃይል ያለው ሲሆን፣ ሞገዱ በመሠረቱ የሚጓዘው እንደ ዓይን እይታ በቀጥታ ነው። በሜዳማ መሬት ላይ ቆመው በእጅ ሬዲዮ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ምንም ባይኖር እንኳ የመሬት ክበባዊነት ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ አያሻግራቸውም። ዛፍ፣ ቤትና ጉብታ ሲጨመር ርቀቱ ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይወርዳል።

ወለጋ ደግሞ ሜዳ አይደለም። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። በሸለቆው ግርጌ ያለ ሰውና በነቀምቴ ያለ ሰው በእጅ ሬዲዮ ብቻ ሊደማመጡ አይችሉም፤ ተራራው በመካከላቸው ቆሟል። የአንገር ሸለቆና የሆሮ ጉድሩ ከፍታዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው።

ነገር ግን የሚከልለው ተራራ ከላዩ ሲወጡበት ማማ ይሆናል። ከሸለቆው 400 ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ የተተከለ አንቴና፣ ሌላ ተራራ እስካልከለለው ድረስ፣ በንድፈ ሐሳብ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ያያል። በደምቢ ዶሎ አቅራቢያ እንዳለው፣ ከ3 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለው ቱሉ ወለል ያለ ተራራ ለግንኙነት ባለሙያ ትልቅ ሀብት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሪፒተር እንደ ማዶ ጠሪ

በገጠር ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ጥሪ ሲደረግ ድምፁ ያልደረሰው ማዶኛ ካለ፣ በመካከል ያለ ሰው የሰማውን ተቀብሎ ያሻግርለታል። ሪፒተር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በከፍታ ላይ ተተክሎ ደካማውን የእጅ ሬዲዮ ድምፅ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይቀበልና በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ በከፍተኛ ኃይል መልሶ ይልካል።

ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚያስፈልገው ማሽኑ የራሱን ድምፅ መልሶ እንዳይሰማ ነው። አንድ አንቴና ለመቀበልም ለመላክም ሲውል ሁለቱን የሚለይ የማጣሪያ ሳጥን መካከል ላይ ይገባል። እያንዳንዱ የእጅ ሬዲዮ ከንግግሩ ጋር ለጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ ቃና እንዲልክ ይደረጋል፤ ሪፒተሩ ያንን ቃና ካላገኘ አይነሳም። ይህም ማሽኑ በባዕድ ሞገድና በጫጫታ በከንቱ እንዳይቀሰቀስ ይጠብቀዋል። የሬዲዮው ቃና ወይም የመላኪያው ፍሪኩዌንሲ በስሕተት ከተሞላ ባለቤቱ ሌሎችን ይሰማል፤ እርሱን ግን ማንም አይሰማውም። አዲስ ተጠቃሚዎች ሬዲዮው ተበላሸ ብለው የሚመልሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የተለመደ ኪሳራ በገመዱ ላይ ይደርሳል። ቀጭን የአንቴና ገመድ በርካሽ ቢገኝም፣ በ30 ሜትር ርዝመት ላይ ከተላከው ኃይል ወደ አንቴናው የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ወፈር ያለ ገመድና ከፍ ያለ ምሰሶ የበለጠ ይጠቅማል።

ሪፒተር ስልክ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በአንድ ሪፒተር በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። 200 አባላት ያሉት ማኅበር አንድ ሪፒተር ቢኖረው፣ አንዱ ስለ ገበያ ዋጋ ሲያወራ ሌላው አምቡላንስ መጥራት አይችልም። በመሆኑም ተጠቃሚዎች ጠሪውንና ተጠሪውን በአጭሩ የሚለዩበት፣ «ጊምቢ፣ ከጉሊሶ ነው፤ ይሰማል?» ብለው የሚጀምሩበትና ንግግራቸውን ከግማሽ ደቂቃ የማያስረዝሙበት ሥርዓት ያስፈልጋል። የጭንቅ ጥሪ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል።

ኃይልና መብረቅ

ሪፒተሩ የሚተከልበት ከፍታ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ የለውም። በ12 ቮልት የሚሠራና 25 ዋት የሚልክ ሪፒተር በሚልክበት ጊዜ 7 አምፔር ያህል ይስባል። በቀን ለ6 ሰዓት ቢልክና ቀሪውን ጊዜ ቢጠባበቅ፣ በቀን 50 አምፔር ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፀሐይ ለሦስት ቀን ብትጠፋ 150 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይመከር የባትሪው መጠን ወደ 300 አምፔር ሰዓት ከፍ ይላል። ክረምቱ ረጅምና ደመናው ወፍራም በሆነበት በወለጋ፣ በበጋ ስሌት የተገዛ ባትሪ ሐምሌን አይሻገርም።

ዝናቡ ራሱ ለዚህ ዓይነቱ ሞገድ እዚህ ግባ የሚባል እንቅፋት አይደለም። መብረቁ ግን ነው። በጉብታ አናት ላይ የቆመ የብረት ምሰሶ በአካባቢው ቀዳሚው የመብረቅ ዒላማ ይሆናል። ምሰሶው፣ የገመዱ መግቢያና የማሽኑ ሳጥን በአንድነት ከመሬት ጋር በወፍራም መዳብ ካልተያያዙ የብዙ ወራት ጥረት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃጠላል። ለባትሪውና ለፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ዘበኛ የሚያስፈልግ መሆኑም በወጪ ዝርዝር ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ሕጉ የሚጠይቀው

ሬዲዮን ገዝቶ መጠቀም ሞባይል ገዝቶ እንደመጠቀም አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761፣ ፈቃድ የሚያስፈልገውን የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ወይም የተጠቀመ ሰው ከ1 እስከ 4 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ደነገገ። ያለ ፈቃድ ለሚያስገባና ለሚሸጥ ደግሞ ቅጣቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የማስተዳደር ኃላፊነት ተሰጥቶታል።

ስለዚህ ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ ያመጣው ጥንድ ሬዲዮ፣ በሌላ አገር የልጆች መጫወቻ ያህል ቢቆጠርም፣ እዚህ ባለቤቱን ለክስ ሊዳርገው ይችላል። በአውሮፓ በ446 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩና ከግማሽ ዋት የማይበልጡ ሬዲዮዎችን ማንም ያለ ፈቃድ ይጠቀማል። ነገር ግን የአንድ አገር ነፃነት በሌላው ጉምሩክ አያሻግርም።

በኢትዮጵያ የግል የሬዲዮ ግንኙነት ሕጋዊ መልክ የያዘበት የታወቀ ምሳሌ የአማተር ሬዲዮ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢቲ3ኤኤ በተባለ መለያ የሚጠራ የክበብ ጣቢያ አለው። በዚያ ተማሪዎች ጣቢያ መሥራትና ከዓለም ጋር መነጋገር ይማራሉ። የዚህ ክህሎት ጥቅም በችግር ቀን ይታያል፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በተራራማዋ ኔፓል ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ የዚያች አገር አማተሮች መልእክት በማሻገር አግዘዋል። የአማተር ፈቃድ ግን ለንግድ አይውልም። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር የጭነት መኪኖቹን የሚያሰማራበት መንገድ ሊሆን አይችልም፤ ለዚያ የድርጅት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁሉም የሚሰማው ንግግር

ግድግዳም ጆሮ አለው የሚለው አባባል ለሬዲዮ ሲሆን ቃል በቃል እውነት ነው። በተራው ሬዲዮ የተነገረውን ማንኛውም በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለ ሰው ይሰማል። ቡና ሸጦ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ መንገዱን፣ የጤና ባለሙያ የታማሚዋን ስም በሬዲዮ ሊናገሩ አይገባም። ቃና መሙላትም ምሥጢር አይጠብቅም፤ ሪፒተሩን ይከፍታል እንጂ ጆሮን አይዘጋም።

በወለጋ ይህ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። አካባቢው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል በተካሄደ ግጭት ውስጥ አልፏል። በእንዲህ ያለ ቦታ በገጠር መንገድ ላይ ሬዲዮ ይዞ የተገኘ አርሶ አደር ለአንዱ ወገን የሌላው መረጃ አቀባይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሰውን ለማዳን የተገዛ መሣሪያ የያዘውን ሰው አደጋ ላይ እንዳይጥል ማሰብ ከአንቴናው ከፍታ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ሬዲዮን የስልክ መዘጋት ማምለጫ አድርጎ ማየትም ስሕተት ነው። ስልክን በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋ አስተዳደር የሬዲዮ ፈቃድንም ሊያግድ ይችላል። የሬዲዮ ትክክለኛ ቦታው ስልክ በብልሽት ሲጠፋ ወይም ከመጀመሪያው ሳይደርስ ሲቀር ነው።

ከየት ይጀመር

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ፣ በአሁኑ ሁኔታ ለወለጋ ገጠር የሚበጀው ሬዲዮ በየሰው ኪስ የሚገባው ሳይሆን በታወቀ ቦታ የሚቀመጠው መሆኑ ነው። በጤና ጣቢያ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቋሚ ሬዲዮ ለመንገድ ላይ ጥርጣሬ አይዳርግም፤ ከእጅ ሬዲዮ የተሻለ አንቴና ስለሚኖረውም ድምፁ ይርቃል።

አሠራሩም ቀላል ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን የሚጠይቀው አንድ ተቋም ይሆናል፤ ይህም የጤና ጽሕፈት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም የገበሬዎች ዩኒየን ሊሆን ይችላል። ከማመልከቻው በፊት የሪፒተሩ ቦታ በካርታና በእግር ይጠናል፤ የትኛው ቀበሌ በጥላ ውስጥ እንደሚቀር ተለይቶ ይታወቃል። እያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት የሠለጠኑ ተረኞች፣ እያንዳንዱ ጥሪ የሚጻፍበት መዝገብና በየማለዳው የመሞከሪያ ሰዓት ይኖረዋል። በየቀኑ ያልተሞከረ ሬዲዮ በጭንቅ ቀን ባትሪው ሞቶ ይገኛልና። የጸጥታ አካላትና የአገር ሽማግሌዎች ስለ መረቡ ዓላማ አስቀድመው ማወቃቸውም ጥርጣሬን ይቀንሳል።

ወጪው ለአንድ አርሶ አደር ከባድ ቢሆንም ለአንድ ዩኒየን ወይም ወረዳ የሚያስፈራ ላይሆን ይችላል። የወለጋ ተራሮች ለማሽኑ ምቹ ናቸው፤ ሞገዱም የዴዴሳን ሸለቆ መሻገር ይችላል። የጎደለው በማመልከቻው ግርጌ ስሙን ጽፎ ኃላፊነቱን የሚወስድ ተቋም ነው። ያ ፊርማ ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት ካልተገኘ፣ መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥና የስልክ ማማው ሲጠፋ ወላድ እናት የምትጠብቀው እንደ ትናንቱ በእግሩ የሚሮጥ መልእክተኛን ይሆናል።