ጥርስ ከአፍ በፊት

«መንጋጋ ከሌለው ታዲያ በምን ይበላል?» አለኝ ወዳጄ፣ ስልኬ ላይ ያለውን ምስል እያጎላ። ምስሉ ሳካባምባስፒስ የሚባል የጥንት ዓሣ ነው፤ ሁለት ዓይኖቹ ፊቱ ላይ ተቀራርበው ፈጠዋል፣ አፉ እንደተከፈተ ነው።

«አይነክስም፣ አያኝክም። ከባሕሩ ወለል ጥቃቅኑን ምግብ ከነውሃው ይስባል፤ ውሃው በስንጥቡ ይወጣል፣ ምግቡ ይቀርለታል። ተመራማሪዎች የሚገምቱት እንዲያ ነው።»

«የየት አገር ነው?»

«የቦሊቪያ። ኮቻባምባ ውስጥ ሳካባምባ የምትባል መንደር አለች፣ ስሙ ከሷ ነው። ዛሬ አገሩ ተራራ ነው፤ የዛሬ 460 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግን ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ዓሣው ከነጭራው 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሰፊ የአጥንት ጋሻ አለው። የጎን ክንፍ ግን የለውም፤ ያለው ጭራው ብቻ ነው። ሲዋኝ መንገዋለሉ አይቀርም።»

«ምስኪን!»

«ምስኪን አትበለው! መንጋጋ የሌላቸው ዓሦች ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በየባሕሩ ኖረዋል። የኛ የሰዎቹ ዕድሜ ገና 300 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ላምፕሬይና ሃግፊሽ የሚባሉት ወገኖቻቸው ደግሞ ዛሬም አሉ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ጥርስህን የሚጠዘጥዝህ ለምንድን ነው?»

«ከዓሣ ወደ ጥርስ ሐኪም ገባህ እንዴ?»

«ከዓሣው አልወጣሁም። የጥርስህ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ምንም አይሰማውም። ብርዱን የሚያደርሰው ከሥሩ ያለው ዴንቲን ነው። ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ቱቦዎች አሉት፤ ወደ ነርቩ የሚወስዱት እነሱ ናቸው። ይህ ዴንቲን በጥንቶቹ ዓሦች አፍ ውስጥ አልነበረም። ቆዳቸው ላይ ነበር።»

ስልኩን አስቀመጠው።

«ኮሎራዶ ውስጥ፣ ካኞን ሲቲ አጠገብ፣ ከአሸዋ ድንጋይ የወጣ ኤሪፕቲኪየስ የሚባል ዓሣ አለ። ቻርልስ ዋልኮት በ1892 እ.ኤ.አ. ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። የተገኘው ስብርባሪ ነው፤ ስብርባሪው ላይ ግን ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ተደርድረዋል፣ ዴንቲን ናቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ያራ ሃሪዲ፣ ኒል ሹቢንና ባልደረቦቻቸው በኃይለኛ ኤክስሬይ ውስጡን አይተው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ቱቦዎቹ አሉ! በዛሬዎቹ ሻርኮች ቆዳ ላይ ያሉትን ጥርስ መሰል ቅርፊቶች ሲመረምሩም ነርቭ አገኙባቸው።»

«ስለዚህ ያ ሁሉ ጋሻ ያመው ነበር?»

«ያመው ነበር አልወጣኝም። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ አንዳች ነገር ሲነካው፣ በጋሻው ያውቅ ነበር ነው የሚሉት። ጭቃ ላይ ተኝቶ ለሚውል፣ የሚነክስበት ለሌለው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠላቱን ቀድሞ ካላወቀ ምን ይዞ ይከላከላል?»

«ቆዳ ላይ የነበረው እንዴት አፍ ውስጥ ገባ?»

«እሱ ያከራክራል። ጥርስ ከጉሮሮ ወደ ውጭ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። መንጋጋ ሲፈጠር የቆዳው ጉብታ ወደ አፍ ዘለቀ የሚሉም አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው፤ የሻርክን ቆዳ ያየ ሰው የሚያሳምነው ይመስለኛል።»

«ይህን ሁሉ ያገኙት ጥርስ ሲፈልጉ ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ዓሣ ሲፈልጉ ነው። አናቶሌፒስ የሚባል ከኤሪፕቲኪየስም የሚቀድም ቅሪተ አካል አለ፤ ቀዳዳዎቹ ዴንቲን ስለሚመስሉ ዓሣ ነው ሲባል ኖሯል። ተጠግተው ሲያዩት ቀዳዳዎቹ የገጠሙት ከሸርጣን ቅርፊት መዳሰሻ ጋር ሆነ። ዓሣነቱ ቀረ፤ ከነሸርጣን ወገን ተመደበ። እነሱ ግን በዚያ አልተውትም። ሸርጣኑም ዓሣውም በየፊናቸው ጠንካራ ልብስ ለብሰው፣ ውጭውን የሚያውቁበት ቀዳዳ በልብሳቸው ላይ አበጅተዋል ማለት ነው ብለው፣ ወደ ዓሣው ጋሻ ተመለሱ።»