የመራጩ ፈቃድና የፊደሉ ስሕተት

ሕዝብ እንደራሴውን በሚመርጥበት አገር ሁሉ የምርጫው መሠረት የመራጩ ፈቃድ ነው። ወረቀቱም ሣጥኑም ቈጣሪውም የተዘጋጁት ይህ ፈቃድ ሳይለወጥ እንዲታወቅ ነው እንጂ መራጩን በወጥመድ ለመያዝ አይደለም። ይህም ነገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ በአላስካ ግዛት ተፈተነ።

ከ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአላስካ ሴናተር የነበሩት ሊሳ ሙርካውስኪ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩውን ለመለየት በኦገስት ወር ባደረገው ምርጫ በሚስተር ጆ ሚለር በ2,000 ያህል ድምፅ ተበልጠው ተሸነፉ። ስለዚህ በኖቬምበር በተደረገው ዋና ምርጫ ስማቸው በወረቀቱ ላይ አልታተመም። ነገር ግን ሕጉ መራጭ ያልታተመ ስም በገዛ እጁ ጽፎ እንዲመርጥ ይፈቅዳልና በዚሁ መንገድ ተወዳደሩ። ስማቸው ለመጻፍ የሚያስቸግር ስለ ሆነም አጻጻፉን ለሕዝቡ ሲያስተምሩ ሰነበቱ።

ሚስተር ሚለር ግን፣ ሕጉ የዕጩው ስም በማመልከቻው ላይ እንዳለ ይጻፍ ስለሚል፣ አንዲት ፊደል የሳተ ወረቀት ሊቈጠር አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ሕግ እንደ ቈጣሪው አስተያየት የሚዘረጋና የሚታጠፍ ከሆነ፣ ዛሬ ለአንዱ የራራው እጅ ነገ በሌላው ላይ ይጨክናልና።

ይሁን እንጂ በጽሕፈት ሥራ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ በሐመሩ ሐ ስፍራ ሃሌታው ሀ ቢገባ ጸሐፊው ይታረማል እንጂ አንባቢ ቃሉን አይስተውም። የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 22 ቀን የመራጩ ሐሳብ ከታወቀ የፊደል ስሕተት ድምፁን እንደማያጠፋ ፈረደ። ሙርካውስኪም 101,091 ድምፅ አግኝተው፣ 90,839 ያገኙትን ሚስተር ሚለርን አሸነፉ። ከ8,000 የሚበልጡት የተከራከሩባቸው ወረቀቶች ሁሉ ቢጣሉ እንኳ ከ2,000 በሚበልጥ ድምፅ ይቀድሙ ነበር። ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ በእጅ ተጽፎ ለሴኔት የተመረጠ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ፊተኛው፣ ፊደል ያልጠነቀቀ ገበሬም ሆነ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ድምፁ ከሊቁ ድምፅ አያንስም። ሁለተኛው፣ ስሕተት የሚመዘንበት ሚዛን ተወዳዳሪዎቹ ሳይታወቁ አስቀድሞ በግልጥ ሊጻፍ ይገባዋል። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የሚፈለግ ሚዛን፣ እውነተኛ እንኳ ቢሆን፣ ከተሸናፊው ልብ ጥርጣሬን አያወጣምና።