የዕለት እንቆቅልሽ ለክፍል ትምህርት ይጠቅማልን?

በዚህ ዘመን በስልክና በኮምፒዩተር ላይ በየቀኑ አንድ አንድ እየሆነ የሚወጣ የእንቆቅልሽ ዐይነት አለ። የዛሬው ለዛሬ ብቻ ነው፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ያልፍና በምትኩ ሌላ ይቀርባል። አንዱ ቃል ያስገምታል፤ አንዱ ቍጥር ያስደረድራል፤ ሌላውም የአንድ አገር ካርታ አሳይቶ የማን አገር እንደ ሆነ ይጠይቃል። ወላጆች ልጆቻቸውን በዚህ ላይ ተደፍተው ሲያዩአቸው ሥራ ፈትነት ይመስላቸዋል። በዚህ ዓመት ግን አንዳንድ አስተማሪዎቻችን ይህንኑ ነገር ለትምህርት ብንጠቀምበትስ የሚል ሐሳብ ስላመጡ፣ በግቢያችን ክርክር ተነሥቶ ሰንብቷል። እኔም አንድ ተማሪ እንደ መሆኔ የሚመስለኝን በዚህ መጽሔት ለመግለጽ ፈቀድሁ። ሐሳቤ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው፤ እንቆቅልሹ ወደ ክፍል ይግባ፤ ስልኩና ማርኩ ግን ከበር ይቅሩ።

ነገሩን ለማያውቁት ወላጆች ስል ከሁሉ የታወቀውን ላስረዳ። ስሙ ዎርድል ይባላል። ያወጣው ጆሽ ዋርድል የተባለ የዌልስ ተወላጅ ሲሆን፣ የሠራውም የቃል ጨዋታ ለምትወድ ለወዳጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለሕዝብ ከፈተው። በኖቬምበር 1 ቀን የተጫወቱት 90 ሰዎች ነበሩ፤ በጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ግን ከ300,000 በላይ ሆኑ። በዚያው በጃንዋሪ ወር የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዛው። አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት የላቲን ፊደል ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተሰውሯል፤ ተጫዋቹ ስድስት ጊዜ ብቻ ይገምታል። በገመተ ቍጥር እያንዳንዱ ፊደል ቀለም ይቀባል፤ አረንጓዴ ከሆነ ፊደሉም ቦታውም ልክ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ፊደሉ በቃሉ ውስጥ አለ፣ ቦታው ግን ሌላ ነው፤ ግራጫ ከሆነ ከነጭራሹ የለም። በዚያ ቀን የትም አገር ያለ ተጫዋች የሚፈልገው ያንኑ አንድ ቃል ነው። ሥዕል የለው፣ ሙዚቃ የለው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«እንቆቅልሽማ የኛ አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብሎ መመለስ ፊደል ከመቍጠራችን በፊት የተማርነው ነው። ሆኖም ሁለቱን አስተያይቶ የተመለከተ ሰው አንድ ትልቅ ልዩነት ያገኛል። በእኛ እንቆቅልሽ መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል፤ አገር የተቀበለውም በሰጪው ላይ እንዳሻው ይቀልድበታል። የጨዋታው ውበት በዚሁ ነው፤ እኔም በታናናሾቼ ላይ ስንት ጊዜ ነግሻለሁ። ነገር ግን መልሱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሰማ ሰው ነው። ያልሰማ ሰው ሞክሮ ቢስት ስሕተቱ ምንም አያተርፍለትም።

የክፍላችንም ልማድ ከዚህ የራቀ አይደለም። አስተማሪ ይጠይቃሉ፤ አንድ እጅ ይነሣል፤ መልሱ ካልሆነ ከኋላ ወንበር ሣቅ ይሰማል። አገር ሰጠ ማለት ነው። ያ እጅ ከዚያ በኋላ ለሳምንት አይነሣም። ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸው ሳይሰማ የሚያልፉ ጓደኞች አሉኝ፤ ዝም የሚሉት ስለማያውቁ አይመስለኝም፤ ጓደኛቸው እንደ ሆንሁ ምን ያህል እንደሚያውቁ ዐውቃለሁ። በአዲሱ እንቆቅልሽ ግን የሳተ ግምት ዋጋ አለው። ሦስት ፊደል የለም ተብሎ መታወቁ ራሱ ትርፍ ነው፤ የፊተኛው ገማች ባይስት ኖሮ ኋለኛው የሚይዘው የሚጨብጠው ባላገኘ ነበር።

ይህን ያየሁት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ከጥር ወር ጀምረው ማክሰኞና ሐሙስ የክፍለ ጊዜውን የመጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ለዚህ ሰጡ። አንድ ባለ ሦስት ፊደል የአማርኛ ቃል በወረቀት ጽፈው፣ አጥፈው በኪሳቸው ይይዛሉ፤ እኛም ስድስት ጊዜ እንገምታለን። ሦስት ፊደል ብቻ መሆኑን የሰሙ የሌላ ክፍል ልጆች ሣቁብን። ይሁን እንጂ ነገሩን በቍጥር ብንመረምረው እንዲህ ይሆናል። ፊደላችን 33 ቤት አለው፤ እያንዳንዱም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ድምፅ ስላለው፣ ዲቃሎቹን ሳንቈጥር 231 ይሆናል። በሦስት ቦታ 231ን ብናፈራርቅ 12,326,391 ዐይነት አደራደር ይወጣል። እንግሊዝኛው 26 ፊደል ይዞ አምስት ቦታ ሲሞላ የሚያገኘው 11,881,376 ነው። እንግዲህ የእኛ ሦስት ከእነርሱ አምስት ይበልጣል ማለት ነው። በርግጥ በሁለቱም ቋንቋ ከዚህ ሁሉ አደራደር ቃል የሚሆነው ጥቂቱ ነው። (ስሌቱን በደብተሩ ጀርባ ሠርቶ ያመጣው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ በመስኮት የሚመለከት ጓደኛችን ስለ ሆነ፣ የሒሳብ አስተማሪያችን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ አስደገሙት።)

ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ሕግ እንዳለ ማምጣት አይቻልም። የተሰወረው «በ» ሆኖ ሳለ «ቡ» ብሎ የገመተውን ጨርሶ ሳተ ማለት ግፍ ነው፤ ቤቱን አግኝቷልና። አስተማሪያችን አራት ምልክት አወጡ። ፊደሉ ከነድምፁ በቦታው ከሆነ ክብ፤ ቤቱና ቦታው ልክ ሆኖ ድምፁ ከተለየ ግማሽ ክብ፤ ቤቱ በቃሉ ውስጥ በሌላ ቦታ ካለ ነጥብ፤ ከሌለ ጭረት ይደረግበታል።

አንድ ማክሰኞ የሆነውን ልጥቀስ። የመጀመሪያ ግምት ማንንም ሊያሳፍር ስለማይችል፣ እጅ የማንሣት ልማድ የሌላት አንዲት ጓደኛችን «ሰላም» ብላ ጀመረች። ከ«ሰ» ሥር ጭረት፣ ከ«ላ» ሥር ጭረት፣ ከ«ም» ሥር ግማሽ ክብ ተደረገ። አስተማሪያችን በዚህ ጊዜ «ማን ያውቃል?» አላሉም፤ «አሁን ምን ዐወቅን?» ሲሉ ጠየቁ። አንዱ ተነሥቶ «የሰ ቤትና የለ ቤት የለበትም፤ የሚጨርሰው በመ ቤት ነው፤ ም ግን አይደለም» አለ። ሁለተኛው ገማች «ከረመ» አለ። ለምን እንደ መረጠው ሲጠየቅም፣ «ግሥ ይሆናል ብዬ ነው፤ እንደ ሰበረ፣ እንደ ከረመ ያለ ግሥ በኀላፊ ጊዜ ሦስቱም ፊደሉ ግዕዝ ነው» ሲል መለሰ። ከ«ከ» ሥር ክብ ወጣ፤ ከ«ረ» ሥር ጭረት፤ ከ«መ» ሥር እንደገና ግማሽ ክብ። እንግዲህ «ም»ም «መ»ም ካልሆነ የቀሩት ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ሞ ናቸው። ጥቂት ጸጥታ ሆነና ከኋላ ወንበር ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድነት «ከተማ!» አሉ። ወረቀቱ ሲዘረጋ ከተማ ነበር።

ልብ በሉ፤ በዚህች ሰባት ደቂቃ ውስጥ የፊደል ድምፆችን ስም፣ የግሥን ቅርጽ፣ ከስሕተት ተነሥቶ ማሰብን ሠራንበት። ስለ ኀላፊ ጊዜ ግሥ በመጽሐፋችን ያለውን ገጽ ስናነብ ግን ግማሹ ክፍል ያንቀላፋ ነበር።

ሌላም ጕዳይ ወጣ። አንድ ሐሙስ የተሰወረው ቃል «ፀሐይ» ሆኖ ሳለ አንዱ «ጸሀይ» ብሎ ገመተ። ምን ምልክት ይደረግለት? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ጸ»ና «ፀ»፣ «ሀ»ና «ሐ» በአማርኛ አፍ አንድ ድምፅ ስለ ሆኑ ክብ ይገባዋል አለ። ገሚሱ ደግሞ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው፤ ፀሐይ የወጣችውን ሰረቀች አንልም ብሎ ተከራከረ። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ፤ ክብ አይገባውም። ጭረትም ግን አይገባውም፤ ግማሽ ክብ ቢሰጠው ደስ ይለኛል። ነገሩ እስካሁን አልተቈረጠም፤ በዕረፍት ሰዓት ስለ ፊደል ሲሟገቱ የሚታዩ ተማሪዎች በግቢያችን በመገኘታቸው ግን አስተማሪያችን እጅግ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

በሌሎቹ ትምህርቶች ላይ የምለው ጥቂት ነው። በጂኦግራፊ የአገር ስም የሚያስገምተው ጨዋታ ይስማማል፤ በገመቱ ቍጥር ተፈላጊው አገር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅና በየት አቅጣጫ እንደሚገኝ ይነግራልና። ልኩ የሚወሰደው ከአገር መካከል እስከ አገር መካከል ስለ ሆነ፣ መልሱ ኬንያ ሳለ ኢትዮጵያ ብትሉ ድንበርተኛ ሆነው እንኳ በመካከላቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አለ ይላችኋል። ይህንኑ በግድግዳ ካርታ፣ በክርና በማስመሪያ መሥራት ይቻላል። ሱዶኩ የሚባለው የቍጥር ጨዋታ ግን ለክፍል አይሆንም፤ በአንድ ክፍል ተሞክሮ ሁሉም በየደብተሩ ተደፍቶ ዝም አለ። ስለ ሱዶኩ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው፤ በ16 ቍጥር ብቻ ተጀምሮ አንድ ብቻ መልስ ያለው ሱዶኩ እንደሌለና ከ17 በታች መውረድ እንደማይቻል እ.ኤ.አ. በ2012 በደብሊን ጋሪ ማግዋየርና የሥራ ባልደረቦቹ በኮምፒዩተር መርምረው አሳዩ። ይህስ ለሒሳብ ክበብ ጥሩ መወያያ ይሆናል።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ሥጋት ልመለስ። ስልኩን በመጥላታቸው አልፈርድባቸውም። እነዚህ ጨዋታዎች ስንት ቀን ሳታቋርጥ እንደ ተጫወትህ ይቈጥሩልሃል፤ አንድ ቀን ከዘለልህ ቍጥሩ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ደንበኛ እንዳይቀር የሚደረግ የነጋዴ ብልሃት ነው፤ ለትምህርት የሚረባው ነገር የለም። ደግሞም ስልክ ያለው ከሌለው ይለያል፤ የዕለቱም መልስ ገና በጠዋት በየቦታው ተጽፎ ስለሚገኝ ከፈላጊው ይልቅ ገልባጩ ይቀድማል። በሰሌዳ ላይ ግን ሁላችንም እኩል ነን፤ ቃሉ ያለው በአስተማሪያችን ኪስ ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ነገሩ መልካም መሆኑ ስለ ታየ፣ በሚመጣው ዓመት መልሱን ቀድሞ ላገኘ ተማሪ ከተከታታይ ምዘናው ማርክ ይሰጠው የሚል ሐሳብ መቅረቡን ሰምተናል። ሐሳቡን ያቀረቡት ለእኛው አስበው እንደ ሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። «ሰላም» ብላ የጀመረችው ጓደኛችን ማርኩን ታገኛለችን? አታገኝም። «ከረመ» ያለውም አያገኝም። የሁለቱን ድካም ሰብስቦ የሚበላው ዝም ብሎ የጠበቀው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ብልኅ ተማሪ ሁሉ መጠበቅን ይመርጣል፤ የሚጀምርም ይጠፋል። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በሌላ ክፍል ለመጀመሪያው አግኚ እስክሪብቶ ይሸለም ተብሎ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አስተማሪው የመጀመሪያውን ግምት ለማግኘት በየስሙ መጥራት ግድ ሆነባቸው። በእስክሪብቶ እንዲህ ከሆነ በማርክ እንዴት ይሆን ይሆን? ፈተና በቂ አለን። ተሳስቶ የማይቀጣበት ዐሥር ደቂቃ ግን ከዚህ ሌላ የለንም።

የክፍለ ጊዜ ጥበትን የሚያነሡ አስተማሪዎች ደግሞ አሉ። በሳምንት 20 ደቂቃ ነው የምንለምነው፤ የአገር አቀፍ ፈተና በሚቀርብበት ወራት ለ12ኛ ክፍል ይቅር ቢባልም አልከራከርም። ቃሉን የማዘጋጀቱ ድካም በአስተማሪ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ተማሪዎች በየተራ ብናወጣ ይሻላል፤ ቃል የሚያወጣ ሰው አጻጻፉን አስቀድሞ ከመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ግዴታው ይሁን። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። በቤተ መጻሕፍታችን ያለው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እርሱም ከንባብ ክፍል አይወጣም፤ ከሐሙስ በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ወረፋው እስከ በር ይደርሳል። የወላጆች ኮሚቴ ለሚመጣው ዓመት ምን እንርዳ ብሎ ቢጠይቅ፣ በእኛ በኩል የምንጠይቀው ሁለት ተጨማሪ ቅጂ ነው።