ላም አለኝ በጣሪያ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት አባቶቻችን «ፎልአውት 4» የተባለውን ጌም የመጫወት ዕድል አልገጠማቸውም። ገጥሟቸው ቢሆን ኖሮ ተረቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው «ላም አለኝ በጣሪያ» ይሉን ነበር።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ጌም ውስጥ ብራህሚን የምትባል ባለ ሁለት ራስ ላም አለች። ተጫዋቹ መንደር ይቆረቁራል፣ በቆሎ ይተክላል፣ ላሟም መንደሩ ውስጥ ትኖራለች። ከዚያ ለጦርነት ራቅ ብሎ ይሄድና ሲመለስ ላሟ ጣሪያ ላይ ቆማ ቁልቁል ታየዋለች። መሰላል የለም። እንዴት እንደወጣች ያየ ሰው የለም። ጌሙ ከወጣ ጀምሮ የዚህች ላም ፎቶ ኢንተርኔት ላይ መሳቂያ ሆኖ ኖሯል። እኛም ስቀናል። ስቀን ስናበቃ ግን አንድ ጥያቄ ቀረብን፤ ጥፋቱ የማን ነው? የላሟ? የጌሙ ሠሪዎች? ወይስ ቤቱን የሠራው ተጫዋች?

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር። ላሟ ንጹህ ናት። ጥፋቱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። መሬቱን የሚያስተካክሉት ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ስማቸውም እምብዛም የማይነሳ ሞድ ሠሪዎች ናቸው።

ቤት ተፈቀደ፣ መንገድ ተከለከለ

ጌሙን ለማያውቁ ባጭሩ እንንገራቸው። «ፎልአውት 4» የአሜሪካው ቤተስዳ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ያወጣው ጌም ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ2287፣ ከኑክሌር ጦርነት 210 ዓመት በኋላ፣ በቦስተንና በአካባቢዋ ነው። ተጫዋቹ ወደ 30 በሚጠጉ ቦታዎች ላይ መንደር መሥራት ይችላል። ፍርስራሹን አፍርሶ እንጨቱንና ብረቱን ይወስዳል፤ ግድግዳ ያቆማል፣ አልጋ ይዘረጋል፣ የውኃ ፓምፕ ይተክላል፣ ጄኔሬተር ያስነሳል። በሬዲዮ ሲጠራ ሰፋሪዎች ይመጣሉ። አንዱን ገበሬ፣ አንዱን ዘበኛ፣ አንዱን ባለ ሱቅ ያደርጋል።

እስከዚህ ድረስ የሚያምር ነገር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሰፋሪዎቹ መራመድ ሲጀምሩ ነው። ዘበኛው ጠላት ከበሩ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ይገኛል። ገበሬው ከእርሻው ይልቅ ጣሪያ ይወዳል። ፎቅ ላይ የተዘረጋው አልጋ ባዶውን ያድራል። ተጫዋቹም «እነዚህ ደነዞች!» ብሎ ይሳደባል፤ ብዙ ጊዜ ስድቡ እዚያው ላይ ያበቃል።

እኛ ግን ስድቡ አድራሻ ተሳስቷል እንላለን። ለምን ቢሉ፣ እነዚህ ሰፋሪዎች መንገድ የሚፈልጉበት ብልሃት ደነዝ አይደለም። በጌሞች ውስጥ እጅግ የተለመደው የመንገድ ፍለጋ ስልት «ኤ ስታር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል የተባሉ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሰዎች ይፋ ያደረጉት ነው። የተወለደውም «ሼኪ» ከተባለው ተንቀሳቃሽ ሮቦት ፕሮጀክት ጋር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጓዡ በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ቁጥር ይደምራል፤ እስካሁን የሄድኩት ስንት ነው? የቀረኝስ በግምት ስንት ነው? ድምሩ አነስተኛ የሆነውን አቅጣጫ አስቀድሞ ይሞክራል። ግምቱ ከእውነተኛው ርቀት እስካልበለጠ ድረስ፣ መንገድ ካለ አጭሩን እንደሚያገኝ በሒሳብ ተረጋግጧል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ካርታው እውነት መሆን አለበት። ካርታው ከዋሸ ብልሁም ገደል ይገባል።

የሦስት ማዕዘን መሬት

ሰፋሪው የሚያየው ካርታ እኛ የምናየው አይደለም። እኛ ሣር፣ ወለልና በር እናያለን። እሱ የሚያየው መሬት ላይ የተነጠፈ የሦስት ማዕዘኖች መረብ ነው፤ በሙያው ቋንቋ «ናቭሜሽ» ይባላል። ሦስት ማዕዘን ያለበት ቦታ ሁሉ ይረገጣል። የሌለበት ቦታ ለሰፋሪው ባሕር ነው። ቤተስዳ ቀደም ሲል፣ በ2006 በወጣው «ኦብሊቪየን»፣ ነጥቦችን በመስመር በማገናኘት ይሠራ ነበር፤ ገጸ ባሕሪያቱ ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ በመስመሩ ብቻ ይሄዱ ነበር። በ2008 በወጣው «ፎልአውት 3» ወደ መረቡ ተሻገረ፤ ተራማጁም የመንገዱን ስፋት ጭምር ማወቅ ቻለ።

ትልቅ እድገት ነበር። ነገር ግን መረቡ የሚዘጋጀው ሠሪዎቹ ቢሮ ውስጥ፣ መሬቱ መጀመሪያ እንደነበረው ሆኖ ነው። «ፎልአውት 4» ደግሞ መሬቱን ለተጫዋቹ አስረከበ። ታዲያ ተጫዋቹ ቤት ሲሠራ መረቡ ምን ይሆናል?

ሠሪዎቹ ይህን ሳያስቡት አልቀሩም። ወለልና ደረጃ የራሳቸውን ሦስት ማዕዘን ይዘው ይመጣሉ፤ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ደግሞ የቆሙበትን ያህል ከመረቡ ላይ ይቆርጣሉ። በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው። ሆኖም የደረጃው ጫፍ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ካለ ሁለቱ መረቦች አይገናኙም። ፎቁ ለዓይን ቤት ነው፤ ለሰፋሪው ግን ባሕር መሀል ያለ ደሴት። በር አጠገብ የቆመ ሣጥን የሚቆርጠው ክፍተት በሩን ሊውጠው ይችላል። ጣሪያም ቢሆን የሚረገጥ ሦስት ማዕዘን ካለው በጌሙ ዓይን መሬት ነው። ላሟ የቆመችው እንግዲህ እንዲህ ባለው መሬት ላይ ነው።

ሰው የማይገባበት ቤት ቤት አይባልም። ተጫዋቹ ግን ይህን የሚያይበት መንገድ የለውም። ግንባታው ላይ ሆኖ አንድ ዕቃ ሊቀመጥ ይችል እንደሆነ አረንጓዴው ቀለም ይነግረዋል፤ ሰው ይደርስበት እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ቤት የመሥራት መብት ተሰጠው፤ መንገዱን የማየት መብት ግን አልተሰጠውም።

የማይታየው ሥራ

ቤተስዳ «ክሪኤሽን ኪት» የተባለውን የማሻሻያ መሣሪያ በኤፕሪል 2016 ለሕዝብ ሲለቅ ይህን መረብ ማየትም መነካካትም ተቻለ። ሞድ ሠሪዎችም ገቡበት። ከሁሉም ሞዶች ዝና የሚያገኙት የሚያምሩት ናቸው፤ አዲስ ጠመንጃ፣ አዲስ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ ሰማይ። መረብ የሚጠግነው ሰው ሥራ ግን ፎቶ አይነሳም። ሥራው ከተሳካ ምንም አይታይም፤ ሰውዬው በበሩ ገብቶ አልጋው ላይ ተኛ፣ በቃ። «ጎበዝ፣ ዛሬ ዘበኛዬ ደረጃውን ወጣ!» ብሎ የሚፎክር የለም።

ሥራውስ ምን ይመስላል? አንደኛው ሠሪዎቹ ራሳቸው የተዉትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ኦፊሴላዊ ያልሆነው የ«ፎልአውት 4» ጥገና የሚባለው ትልቅ ሞድ ከሌሎች ስህተቶች ጋር ይህንንም ያርማል። ሁለተኛው አዲስ ወለል ወይም ደረጃ ሲፈጥሩ ሦስት ማዕዘኑን አብሮ መስፋት ነው። ይህን የዘነጋ ሞድ ሠሪ ያማረ ድልድይ ያስረክበናል፤ የሚሻገረው ግን ተጫዋቹ ብቻ ነው። ሦስተኛው በጣም የሚገርመው ነው። ጌሙ አይፈርሱም ያላቸውን አሮጌ ቤቶች የሚያፈርሱ ሞዶች አሉ። ቤቱ ይፈርሳል፣ መረቡ ላይ ያለው የቤቱ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ሰፋሪውም ሜዳ መሀል የሌለ ግድግዳ እየዞረ ይሄዳል። ያየው ሁሉ አብዷል ይለዋል። እሱ ግን የሚታዘዘው ማንም ላልሰረዘው ካርታ ነው፤ ያንን ቀዳዳ ተቀምጦ የሚደፍን ሰው ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሞድ ሠሪዎችንም ሳንወቅስ አናልፍም። አሮጌውን መረብ ሰርዞ አዲስ መዘርጋት የሚቀናቸው አሉ። አደገኛ አቋራጭ ነው። የተሰረዘውን መረብ ሌላ ሞድ ወይም ጌሙ ራሱ ሲፈልገው ያጣዋል፤ ጌሙም ድርግም ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ልምድ ያላቸው አይሰርዙም፤ የነበረውን ይዘው ቅርጹን ያስተካክላሉ። ሌላም ጣጣ አለ። ሁለት ሞዶች አንድን ቦታ ከነኩ በኋላ የተጫነው ያሸንፋል፤ የሌላኛው ልፋት መና ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እያንዳንዱ በየፊናው ከጎተተው ግን ድሩም ይበጠሳል።

ሲቻል አይተናል

«ተጫዋቹ የሚሠራውን ማን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል?» የሚል ክርክር እንሰማለን። እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። የኛም ነጥብ ይኸው ነው። ሠሪው ሊያውቀው የማይችለውን የሚያውቀው ተጫዋቹ ስለሆነ፣ መሣሪያው ለተጫዋቹ ይሰጠው።

ሌሎች አድርገውታል። ታርን እና ዛክ አዳምስ የተባሉ ወንድማማቾች በ2006 ያወጡት «ድዋርፍ ፎርትረስ» ተጫዋቹ ራሱ በመንገዶች ላይ ዋጋ እንዲጽፍ ይፈቅድለታል። የሚመረጠው መንገድ ለአንድ እርምጃ 1፣ ተራው 2፣ የማይመከረው 5፣ የተከለከለ ያህል የሚሸሸው 25 ተብሎ ይሰላል። ድንክዬዎቹ ይህን ዋጋ እያሰሉ ይሄዳሉ። ተጫዋቹ ኮድ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ መሬቱን መቀባት ብቻ ነው።

የፊንላንዱ ኮሎሳል ኦርደር በ2015 ባወጣው «ሲቲስ ስካይላይንስ» ደግሞ ስድስት መስመር ያለው መንገድ ተሠርቶለት መኪናው ሁሉ አንዱ መስመር ላይ ይሰለፍ ነበር። «ትራፊክ ማኔጀር ፕሬዚደንት ኤዲሽን» የተባለው ሞድ ለተጫዋቹ የመስመር ቀስቶችን፣ የቅድሚያ ምልክቶችንና የተሻለ የመስመር አመራረጥ ሰጠው። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ጌም ደግሞ ተጓዡ ጊዜን፣ ምቾትንና ገንዘብን ጭምር እያሰላ መንገድ እንዲመርጥ ተደርጎ ተሠራ። ሠሪዎቹ ከማን እንደተማሩ እኛ አንመሰክርም። ተጫዋቾቹ ግን ጉዳዩን ዓመታት ቀድመው ነክተውት ነበር።

«ለጌም ይህን ያህል?» የሚለንም አይጠፋም። አዎ፣ ለጌም ነው። ግን እናስተውል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው ሠሪው የተወውን ቀዳዳ በነጻ ሲደፍን፣ ሌላው ገዢ ደግሞ የተደፈነውን አውርዶ «ጌሙ አሁን አሪፍ ሆነ» ሲል፣ ምስጋናው የሚሄደው ለማን ነው? ስለ ክፍያ አናወራም፤ ሞድን በገንዘብ የመሸጥ ሙከራ በኤፕሪል 2015 በ«ስካይሪም» ላይ ተጀምሮ በተቃውሞ ብዛት በቀናት ውስጥ መቅረቱን እናውቃለን። የምናወራው መሣሪያውንና ክብሩን ስለመስጠት ነው።

እንግዲህ

ለሠሪዎቹ፦ ተጫዋቹ ግንባታ ላይ ሲሆን መረቡን አሳዩት፤ የማይፈልግ ያጥፋው። «እዚህ ይለፉ፣ ጣሪያ ላይ አይውጡ» ብሎ ምልክት የሚያደርግበት ብሩሽ ስጡት።

ለሞድ ሠሪዎች፦ የሠራችሁትን በካሜራ ብቻ አትመልከቱ፤ ሰፋሪ ልካችሁ ከበር እስከ አልጋ ሲሄድ ተከተሉት። የነካችሁትን ቦታ ጽፋችሁ አስቀምጡ። መረብ አትሰርዙ።

ለኛ ለተጫዋቾች፦ ደረጃውን ከመሬት አስነክተን እንሥራ፤ በር አጠገብ ዕቃ አንከምር። ሰፋሪውን ደነዝ ከማለታችን በፊት እሱ በሄደበት በእግራችን እንሂድ። መንገድ የሚጠግን ሞድ ስናገኝም ከጠመንጃው ሞድ እኩል እናመስግን።

ላሟን በተመለከተ፣ ብዙ ተጫዋች የመንደሩን ደወል ደውሎ ሰፋሪዎቹን ይሰበስብና ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። ነገ ሲመለስ እዚያው ጣሪያ ላይ ያገኛታል። መሬቱ እስካልተስተካከለ ድረስ ላሟ ላይ መጮህ ትርፉ ድካም ነው።