ዐቢይ ቀመር በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ዓይን

በጎንደርና ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባሉት ደጋዎች፣ ባሕረ ሐሳብን የሚማሩ የአብነት ተማሪዎች ሦስት ቀመሮችን በቃላቸው ይይዛሉ፤ ንዑስ ቀመር 19፣ ማዕከላዊ ቀመር 76፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት። እኛ በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ የምናጠና ግን እነዚህን ቁጥሮች የሃይማኖት ቅርስ ብቻ አድርገን እናልፋቸዋለን። ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባል።

ዐቢይ ቀመር በቀን ሲሰላ 194,313 ይሆናል። ቁጥሩ የአራት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፤ 3×7×19×487። እያንዳንዱ ክፍል ምክንያት አለው። 3×487 ወይም 1,461፣ ጳጉሜን አንድ ጊዜ 6 የምትሆንበት የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ቀናት ነው፤ 19 የጨረቃ ዑደት፣ 7 ደግሞ ሳምንት ነው።

ማዕከላዊ ቀመር 27,759 ቀናት አሉት። ይህ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ስለዚህ ከ76 ዓመት በኋላ የጨረቃው ስሌትና ጳጉሜን ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ዕለቱ ግን በ4 ይገፋል። 7 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ ቀሪው የሚጠፋው 76ቱ ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 የዋለው ፋሲካ በ1484 ዓ.ም. በዚያው ቀን መዋሉ፣ በ2548 ዓ.ም.ም በዚያው መዋሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

በአንጻሩ 532 አሥራ ዘጠነኛው ጎነ አምስት ቁጥር ነው፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩም 588 ሆነው ይበልጡታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስለ ዘመን አቈጣጠሩ ግን አንዳች አያስረዱም። የቁጥር ምደባ ዋጋው በሚያስረዳው ነገር እንጂ በስሙ ማማር አይለካም።

ዑደቱን የእስክንድርያና የላቲን ሊቃውንትም ያውቁታል፤ የእኛ ብቻ ነው ማለት አይገባም። የእኛ ዕድል ስሌቱ ዛሬም በቃል ሲሰላ መስማታችን ነው። እንግዲህ የቀሪ ስሌት የመጀመሪያ ትምህርት ከዚህ ቢጀመር፣ የመጀመሪያው ጥያቄም «የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ለምን ዘወትር 30 ይሆናል?» ቢሆን መልካም ነው። ፍንጩ 11+19 ነው። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ስሌቱን በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥሎ መግባት የለበትም።